ጠንከር ያለ ወንድ ዘመድ ላስፈለገው የውጤት ክፍል

ካዛንቺስ፣ ሚያዝያ 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ታዲዎስ
የላቦራቶሪ ውጤት አሳዋቂና የምክር አገልግሎት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሞ አንባቢ ሊረዳው የሚገባው ነገር ልጅቱ በሕይወት መኖሯ ነው። ይህን ደብዳቤ በምጽፍበት ሰዓት ከጎኔ ተንጋልላ የግራ እግሯን አውራ ጣት አፏ ውስጥ ለመክተት እየታገለች ትገኛለች። ይህን ግልጽ ነገር መጻፍ ያስፈለገኝ ባለፈው ሳምንት፣ በክፍልዎ መልካም ትብብር፣ ግማሹ የሠፈራችን ሰው ተቃራኒውን አምኖ ስለነበረ ነው።

ይህ ከተያዘልኝ ወደ ሰላምታው እመለሳለሁ። እርስዎም፣ መላው ቤተሰብዎም፣ የክፍልዎ ባልደረቦችም እንደምን ከርማችኋል? ጤናችሁ የተሟላ፣ እንቅልፋችሁ የሰመረ፣ ጉበታችሁም ሐሞቱን ያለ እንከን የሚያፈስ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። የመጨረሻው ምኞት በሰላምታ ላይ የተለመደ አለመሆኑን አውቃለሁ፤ በእኛ ቤት ግን ከርሞ ከርሞ ሌላ የምንመኘው ነገር ጠፍቶብናል።

እኔ እጸገነት ገብረሕይወት እባላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የተፈጥሮ ሳይንስ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ነኝ። የሆስፒታላችሁን ስም ያልጠቀስኩት ሌሎች ሆስፒታሎች እንዳይቀኑ በማሰብ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። የልጄ የሉሊ ልጅ፣ አርያም፣ የሐሞት ቱቦዋ ተዘግቶ የተወለደች ሕፃን ናት። ጉበት ሐሞት ያመርታል፤ ሐሞቱም በቱቦ ወደ አንጀት ይወርዳል፤ ለሰገራ ቀለም የሚሰጠውም እሱ ነው። ቱቦው ሲዘጋ ሐሞቱ እዚያው ጉበት ውስጥ ተጠራቅሞ ጉበቱን ያበላሻል፤ ሕፃኑ ቢጫ ይሆናል፤ ሰገራው ደግሞ ይነጣል። የአርያም ሰገራ ጠመኔ ይመስል ነበር፤ ስለ ጠመኔ ደግሞ ከእኔ ጋር የሚከራከር ሰው ያለ አይመስለኝም። ቀዶ ሐኪሟ ዶክተር ኢያቄም የማይሠራውን ቱቦ አውጥተው፣ ከራሷ አንጀት ቆርጠው ከጉበቷ ሥር በመስፋት ለሐሞቱ አዲስ መንገድ አበጁለት።

መንገዱ ቢበጅም ሐሞቱ በዚያ መሄድ አለመሄዱ በዚያው ቀን አይታወቅም። በአንዳንዱ ሕፃን ይፈስሳል፤ በአንዳንዱ አይፈስስም። ዶክተር ኢያቄም እኔንና ሉሊን አስቀምጠው የነገሩን እንዲህ ነው። ሕፃን በለጋ ዕድሜው ሲሠራለት ይሻላል። ከዚያ የሰገራውን ቀለም ማየት ነው። ከዚያ ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሦስተኛው ወር ደም ተወስዶ በውስጡ የቀረው የቢጫው ልክ ይለካል። ቁጥሩ ከሁለት በታች ከወረደ፣ ልጅቱ በገዛ ጉበቷ ለዓመታት የመኖር ተስፋዋ ትልቅ ነው። ካልወረደ ግን ጉበቷ ብዙ ስለማይቆይላት፣ ከዘመድ ጉበት ተከፍሎ የሚሰጥበትን ሕክምና ውጭ አገር ሳይውል ሳያድር መፈለግ ይገባል። «ትንቢት አይደለም፣ ግምት ነው፤ ግን የምንዘጋጀው በግምቱ ነው» አሉን። እኔም እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ማብራሪያ ከሰማሁ ብዙ ዘመኔ ነበርና ተነሥቼ ላጨበጭብላቸው ምንም አልቀረኝም።

ዶክተሩ ብዙም ሳይቆዩ ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ውጭ ሄዱ። ሦስተኛው ወር ደረሰ፤ ደሙ ተወሰደ፤ ውጤቱም ወደ ክፍልዎ ተላከ። እነሆ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዞ በእናንተ ዘንድ በክብር ተቀምጧል።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፦ የቀጠሮ ክፍሉም በእርስዎ ሥር መሆኑን ስለሰማሁ ከእሱ እጀምራለሁ። አርያምን ለመጀመሪያ ጊዜ ቢጫ ሆና ስናመጣት ገና ክርስትና አልተነሣችም ነበር። የቀጠሮ ሠራተኛዋ ወይዘሮ አሰፋሽ በደግነት አየት አደረጓትና «ሴት ናት አይደል? በሰማንያ ቀኗ ክርስትናዋን ትነሣና ታመጧታላችሁ፤ አራስ ልጅ ከሰው ዓይን ይጠበቃል እንጂ በየኮሪደሩ ይዞራል እንዴ?» ብለው ቀጠሮውን ከክርስትናው በኋላ አደረጉልን። ሉሊ «እትዬ፣ እኛ እኮ ሐኪም ቤት ነው የመጣነው» ብትላቸው፣ «እሱማ መች ጠፋኝ የኔ እናት፤ ለእሷው ብዬ ነው» አሉ። እኛም ከዚያው ወደ ዑራኤል ሄደን ለቄሱ ብንነግራቸው፣ «ልጅቱ ከታመመች ዛሬውኑ አጠምቃታለሁ፤ እናንተ ግን እዚህ ምን ትሠራላችሁ? ሐኪም ቤት ውሰዷት እንጂ!» ብለው ተቆጡን። ቤተ ክርስቲያኑ ወደ ሐኪም ቤት፣ ሐኪም ቤቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲልከን የከረምን ሰዎች ነንና፣ በአገራችን ሥርዓተ ጥምቀትን ከካህናቱ አብልጦ የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት በመኖሩ የተሰማኝን ኩራት ለመግለጽ ቃላት ያጥሩኛል። ምን ያደርጋል፣ ወደ ሐኪም ቤቱ ስንመለስ ዶክተር ኢያቄም በኮሪደሩ ሲያልፉ ፎጣዋን ገለጥ አድርገው አይተው «ይህቺ ልጅ ምን ትጠብቃለች?» ብለው በዚያው ሳምንት አስገቧትና ቀጠሮው ተበላሸ።

ሁለተኛ፦ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የልጅቱ ተስፋ ምን ያህል እንደሆነ የምክር አገልግሎታችሁን ስጠይቅ የመጀመሪያው አማካሪ «አይዞዎት» አሉኝ። ሁለተኛው «እሱ ያውቃል» ብለው ወደ ጣሪያው አመለከቱኝ። እግዚአብሔር እንደሚያውቅ እኔም አውቃለሁ፤ የጠየቅሁት ላቦራቶሪው የሚያውቀውን ነበር። እኔም በሥራ ዘመኔ ልጁ ማለፍ አለማለፉን ለሚጠይቀኝ ወላጅ ሁሉ «አይዞዎት» ብዬ ብሸኝ ኖሮ፣ ፈተና ከማረም ተገላግዬ ዛሬ ዓይኖቼ ያለ መነጽር ያዩ ነበር። ይህን ጥበብ ዘግይቼ በመማሬ አዝናለሁ።

መልሱን እናንተ ስትከለክሉን ግማሹን አርያም ራሷ ሰጠችን። አንድ ማለዳ ሉሊ ከመኝታ ቤት «እማዬ! ነይ እዪው! ነይ እዪው! ቢጫ ነው! ኧረ አረንጓዴም አለበት!» እያለች ጮኸች። ነጠላዬን ሳልደርብ ሮጥኩ። ጎረቤታችን አምሳለም እጇ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ ገባችና ዳይፐሩን አይታ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ ሥራዬን ስለማውቅ ወደ መስኮቱ ወስጄ፣ በቀን ብርሃን፣ ከነጭ ጨርቅ አጠገብ አድርጌ አየሁት። አምሳለ «ሰናፍጭ ነው» አለች፤ ሉሊ «የለም፣ ሽሮ ነው» አለች፤ ስለ ምግብ እያወራን መሆኑን የሚያስታውስ ሰው በቤቱ ውስጥ አልነበረም። የልጅቱ አባት ሃይለአብ በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ ቢሮ ወስዶ ለባልደረቦቹ አሳየ። አንዱ «ጎመን ነው?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ደረቱን ነፍቶ «የልጄ ነው» አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቢሮው ሰዎች ሲያገኙት ደኅንነቱን መጠየቅ ትተው «ዛሬስ ቀለሙ እንዴት ነው?» የሚሉት ሆነዋል።

ቀለም ግን ግማሽ መልስ ነው። ሰገራዋ ቀለም አግኝቶም በደሟ ያለው ቢጫ የማይወርድላት ልጅ ታጋጥማለች፤ ሌላው ግማሽ እናንተ ዘንድ ነው።

ሦስተኛ፦ ሰኞ ጠዋት ከክፍልዎ ተደወለልን። ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ደዋዩ እጅግ በተረጋጋና በሐዘኔታ በተሞላ ድምፅ «ቤት ውስጥ ጠንከር ያለ ወንድ ዘመድ አለ?» ሲሉ ጠየቁኝ። የልጅቱ አያት መሆኔን፣ ስምንት መቶ ተማሪ በሰልፍ ሜዳ በአንድ ፉጨት ጸጥ ሳሰኝ የኖርኩ መሆኔን፣ ጥንካሬን በሚመለከት ቅሬታ ቀርቦብኝ እንደማያውቅ ገለጽኩላቸው። «አይ እማማ፣ ወንድ ቢሆን ይሻላል። ዛሬውኑ ይምጣ። ለእናትየው ደግሞ እንዳይነገር» ብለው ዘጉት።

አቶ ታዲዎስ፣ በአገራችን እንዲህ ያለ ስልክ የሚደወለው ለምን እንደሆነ ለእርስዎ መንገር ለአባይ ውኃ መቅዳት ነው። መርዶ ነው። ሟቿ ትሆናለች ተብላ የምትጠረጠረው ልጅ ግን እናቷ ጭን ላይ ሆና ጡት እየጠባች ነበር። አእምሮዬ ይህን ያያል፤ ጆሮዬ ግን ዓይኔን አሸነፈውና ሄጄ ትንፋሿን አዳመጥኩ። ሉሊ ፊቴን አይታ «ማነው የሞተው?» አለች። እኔም ማን እንደሆነ ስለማላውቅ ዘመድ መቁጠር ጀመርን። መቀሌ ደወልን፤ ሁሉም ደኅና ናቸው። አዲግራት ደወልን፤ የአክስቴ ልጅ «ምን ሰምተሽ ነው? ንገሪኝ እንጂ!» ብላ እሷ ደግሞ ወደ ሌሎች መደወል ጀመረች። እኩለ ቀን ሳይደርስ ትግራይ ውስጥ ያለው ዘመዳችን ሁሉ እርስ በርሱ በሕይወት መኖሩን ሲያረጋግጥ ዋለ። ለዓመታት የተኳረፉ ሁለት ወንድማማቾች በዚሁ ሰበብ መነጋገራቸውን ሰምተናል፤ ክፍልዎ ይህን በዓመታዊ ሪፖርቱ እንዲያካትተው በትሕትና አሳስባለሁ።

ሃይለአብ ቢሮ ስለነበር ለጠንካራ ወንድነት የመረጥነው ታናሽ ወንድሜን ሃድጉን ነበር። ሃድጉ ደምበል አካባቢ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ፣ በበር ሲገባ ጎንበስ የሚል ግዙፍ ሰው ነው። ሠርግ ላይ የሚያለቅስ ሰው መሆኑን እናውቃለን፤ ማስታወቂያችሁ ግን ስለ ቁመና እንጂ ስለ እንባ ያለው ነገር አልነበረም። ሲወጣ የዕድራችንን ዳኛ አቶ ገብረዋህድን በሩ ላይ አገኛቸውና «ሆስፒታል ጠንካራ ወንድ ብለው ጠርተውኝ ነው» አላቸው። አቶ ገብረዋህድ ልምድ ያላቸው ሰው ናቸውና ሌላ አልጠየቁም። ዕድር ዘገየ ከመባል የበለጠ ውርደት እንደሌለ ያውቃሉ።

ስለዚህ ሃድጉ ገና ታክሲ ሳይዝ የድንኳኑ ብረት፣ ሸራውና አግዳሚ ወንበሮቹ በራችን ላይ ደረሱ። ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ መጉረፍ ጀመረ። አምሳለ ከሁሉ ቀድማ «ወይኔ አርያሜ! ወይኔ የኔ ወርቅ!» እያለች ደረቷን እየመታች ገባች። አርያም ጫጫታ ትወዳለችና ወደ እሷ ዞራ በሙሉ ድዷ ሳቀችላት። አምሳለ ጩኸቷን መሐል ላይ አቋርጣ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

አቶ ገብረዋህድ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከኋላዋ ገቡ። ልጅቱን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ሉሊን አዩ።

«እና የሞተው ማነው?» አሉ።

«ማንም አልሞተም፣ አቶ ገብረዋህድ።»

«ማንም?»

«እስካሁን ማንንም አላገኘንም።»

ወደ ውጭ ተመለከቱና «ታዲያ ድንኳኑስ ምን ይሁን? ተተክሎ አለቀ እኮ፣ ቲቸር» አሉ። ሸራ ወዲያው ተተክሎ ወዲያው ሲነቀል ገድ አይደለም ተብሎ፣ ወንበሩም ተደርድሯልና ሰዉ ተቀመጠ። ንፍሮው መጣ። አርያም ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። ሊያለቅስ የመጣ ሰው ሁሉ እያየ፣ አዲስ በተሠራላት መንገድ ያፈሰሰችውን ማስረጃ የአቶ ገብረዋህድ ኮት ላይ አኖረችው። «ቀለሙ! ቀለሙን እዩት!» ብሎ የጮኸው ማን እንደሆነ አላስታውስም፤ ድንኳኑ ግን በእልልታ ተናወጠ። አቶ ገብረዋህድም ኮታቸውን ከፍ አድርገው ለሁሉም አሳዩ። በዚህ ዕድሜዬ ንፍሮ እየበላሁ እንባዬ እስኪፈስስ የሳቅሁት በዚያ ቀን ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሃድጉ ከእናንተ ተመልሶ ይመጣ ነበር። በባቡሩ ቁፋሮ ምክንያት ከመስቀል አደባባይ ወዲህ ያለውን መንገድ በእግሩ ነው የመጣው። ወደ ሠፈራችን ሲታጠፍ በራችን ላይ ድንኳን አየ። ከእናንተ ዘንድ የሰማው ነገር ቁርጡን አልገለጸለትም ነበርና፣ «እሷን ማለታቸው ነው ለካ!» ብሎ በሩ ላይ ተዘረረ። ጠንካራውን ወንድ አራት ሴቶች ተረዳድተን አነሣነው።

አራተኛ፦ ውኃ ጠጥቶ ሲረጋጋ ምን እንደ ነገራችሁት ጠየቅነው። የክፍልዎ ባልደረባ ሻይ አዝዘውለታል። ስለ አየሩ ጠባይ አጫውተውታል። ስለ ጻድቁ ኢዮብ ትዕግሥት አስታውሰውታል። ከዚያ «ጌታዬ፣ ገበሬ ይዘራል፤ ዝናቡን የሚያዘንበው ግን ሌላ ነው፤ ወንድ ልጅ ሆዱ ሰፊ ነው» ብለውታል። ሃድጉ ሞኝ አይደለም፤ «ቁጥሩ ስንት ነው?» ብሏል። «ቁጥር ምን ያደርግልሃል? ቁጥር ሆድ ያስብሳል» ብለው ትከሻውን መታ መታ አድርገው ሸኝተውታል።

ይህን ዘገባ በድንኳኑ ውስጥ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በትግርኛ መረመርነው፤ በሁለቱም አልገባንም። አምሳለ «ዝናብ ካሉማ ጥሩ ነው፤ ዝናብ በረከት ነው» አለች። አቶ ገብረዋህድ «ሻይ ጋብዘውሃል? ሻይ ከጋበዙህ ጥሩ አይደለም» አሉ። ሰዉ በሁለት ተከፍሎ እስኪመሽ ተከራከረ። የዚህ ሁሉ ሰው ክርክር በአንድ ቁጥር ሊዘጋ ይችል ነበር።

አምስተኛ የሚል ነበረኝ፤ ሉሊ አንብባው «እማዬ፣ ይሄ እኮ ስድብ ነው» ስላለችኝ ሰርዤዋለሁ። ለዚህ እሷን ያመስግኑ።

አሁን ለአንድ አፍታ ሳቄን ላቆም። መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ። አባቴ ሲያርፍ ሽማግሌዎች ማለዳ መጥተው፣ አስቀምጠው፣ ደጋግፈው ነው የነገሩኝ፤ እስከ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። ለሞተ ሰው ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ወሬው ቢዘገይ ሟቹን የሚጎዳው ነገር የለም። አርያም ግን አልሞተችም። የእሷ ወሬ በዘገየ ቁጥር የምትጎዳው እሷ ናት። ቁጥሩ ከሁለት በታች ከሆነ መድኃኒቷን እየሰጠን፣ ትኩሳቷን እየጠበቅን እናሳድጋታለን። ከሁለት በላይ ከሆነ ሃይለአብ ከጉበቱ ሊከፍላት ተዘጋጅቷል፤ የደም ዓይነታቸውም አንድ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ምርመራና የውጭ ሆስፒታል ቀጠሮ ወራት ይፈጃል፤ የልጅቱ ጉበት ደግሞ የእናንተን የሐዘኔታ ጊዜ ቆሞ አይጠብቅም። በደግነታችሁ አልጠራጠርም። ያስጨነቀኝም ይኸው ደግነታችሁ ነው።

እናትየው አትችለውም ብላችሁ ታስባላችሁ። ሉሊ የልጇን ነጭ ሰገራ በየቀኑ ያየች ናት። ቀዶ ሕክምናው ሲካሄድ ኮሪደሩ ላይ ቆማ የጠበቀች ናት። ስፌቱን ያጠበችው እሷ ናት። ከዚያ የሰኞ ስልክ በኋላ ከቤታችን ሰው ሁሉ ያልወደቀችው እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ ክፍልዎ ጠንከር ያለ ሰው መፈለጉን ከቀጠለ፣ የት እንደምትገኝ ጠቁሜያለሁ።

ስለ ሻዩ፣ ስለ ገበሬውና ስለ ጻድቁ ኢዮብ በድጋሚ እያመሰገንኩ፣ ባልደረቦችዎ የራሳቸውን ውጤት የሚጠባበቁበት ቀን ቢመጣ እንደ እናንተ ያለ ርኅሩኅ ክፍል ሳይሆን ቸኩሎ የሚናገር ባለሙያ እንዲገጥማቸው በመመኘት፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የአርያም ሃይለአብ አያት፣
የቀድሞ የተፈጥሮ ሳይንስ መምህርት
እጸገነት ገብረሕይወት

ማስታወሻ፦ ጉበት የሚሰጥ ሰው ጉበቱ ንጹሕ መሆን አለበት ከተባለ ወዲህ ሃይለአብ ቢራ በአፉ አልዞረም። ማምሻውን ከጓደኞቹ ጋር ካዛንቺስ ተቀምጦ አምቦ ውኃ ብቻ ይጠጣል። ጓደኞቹም እሱ እያየ መጠጣት ከበዳቸውና እነሱም ወደ አምቦ ውኃ ዞረዋል። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ትናንት መንገድ ላይ አስቁመው «ቲቸር፣ ያ ውጤት አልመጣም እንዴ? እኔ እኮ ልዘጋ ነው» አሉኝ። ስለዚህ ለልጅቱ ሲሉ ባይሆን ለሠፈሩ ንግድ ሲሉ፣ እስከ መጪው ዓርብ ድረስ ይደውሉልን። አየሩን መጠየቅ አያስፈልግም፤ ቁጥሩን ብቻ ይንገሩን። ስልኩን የምታነሣው እናትየው ናት።